የጓድ አለበል ሳህን

ዘይነት ቡችላውን ያገኘችው ሐይቁ ዳር፣ እንዲደርቁ ከቆሙት ታንኳዎች ሥር ነው። ዝናብ አርሶት፣ የተጣለ ጨርቅ መስሎ ይንቀጠቀጣል። ሌላ ሰው ቢሆን ከንፈሩን መጥጦ ያልፍ ነበር። እሷ ግን ሻሿን ፈታ ጠቀለለችውና ግሽ አባይ ሰፈር፣ ቤቷ ድረስ አቅፋው መጣች።

አባቷ ኑርሑሴን አቡጀዲና ሳሙና የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ቡችላውን ሲያዩ መቁጠሪያው እጃቸው ላይ ቀጥ አለ።

«ውሻ ያለበት ቤት መላእክት አይገቡም! አታውቂም?»

«አባባ፣ ይኼ እኮ ገና ውሻ አልሆነም።»

«አፍሽን ያዢ! ነገ የዱርቤቴ ነጋዴዎች ሲመጡ እሰጣቸዋለሁ።»

ዘይነት ወደ እናቷ ወደ መዲና ዞረች።

«እኔን አትይኝ» አለች መዲና፤ «የላሰውን ዕቃ ሰባት ጊዜ የማጥበው እኔ ነኝ፤ አንዱን በአፈር!»

ቡችላው በባዶ የሳሙና ካርቶን ተከቶ ጓዳ ገባ። ዘይነት ስታለቅስ አደረች ቢባል ውሸት ነው፤ ዘዴ ስትፈልግ አደረች፤ አላገኘችም።

በነጋታው ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ደግሞ ጓድ አለበል ከቀበሌ ነጋዴውን በፖለቲካ ሊያነቁ የሚመጡበት ቀን ነው። ማንቃቱ ምሳ ከመቅረቡ በፊት ተጀምሮ አያውቅም። በከተማው ክርስቲያን የእስላም ሥጋ አይበላም፣ እስላምም የክርስቲያን አይበላም፤ ጓድ አለበል ግን ይኼን ትተውታል። «ምን የእስላም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ ትላላችሁ? ሥጋ ሥጋ ነው!» ይሉና ጮማ ጮማውን ይለቅማሉ። አባባም ሳህኑን ይሞላሉ። ምሳ የቀረ ዕለት «አድኃሪ ነጋዴ» መባል አለ!

ሳህናቸው ሞልቶ እንደቀረበ ከጓዳ ቡችላው ሲያለቃቅስ ተሰማ። መዲና አፍራ የቡችላውንና የሰባቱን እጥበት ነገር ነገረቻቸው። ጓድ አለበል ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ኋላ ቀርነት ማለት ይኼ ነው! ውሻ ቢልሰውስ? ሳህኑ ያው ሳህን አይደለም?»

ወዲያው ከደጅ የዱርቤቴ ነጋዴዎች ተጣሩ። ቤተሰቡ ተነሣ፤ ጓድ አለበልም ምን ይዘው እንደመጡ ሊያዩ ተከተሉ።

«ግቡ፣ ግቡ» አሉ አባባ፤ «የምሰጣችሁ ቡችላም አለኝ።»

ዘይነት እያዘገመች ልታመጣው ገባች። ካርቶኑ ባዶ ነው። ቡችላው በጓድ አለበል ሳህን ውስጥ እስከ ጆሮው ገብቷል!

ሁሉም ተመልሰው አዩ። መዲና ጮኸች። «ሂጂ አፈር አምጪ! ሳህኑ ይታጠብ!»

ዘይነት ዘዴው ያኔ መጣላት።

«እማዬ፣ ተይ እንጂ! ጓድ አለበል እኮ ኋላ ቀርነት ነው ብለዋል። እሳቸው እንደኛ አይደሉም።» ሳህኑን አንሥታ፣ ዝቅ ብላ ፊታቸው አቀረበችላቸው። «ይብሉ እንጂ ጓድ፤ ጮማውን ትቶልዎታል።»

ጓድ አለበል ሳህኑን አዩ። ቡችላው አፉን እየላሰ እሳቸውን አየ። ነጋዴዎቹ ጉድ ሊያዩ ተጠጉ።

«ስብሰባ አለብኝ» አሉ ጓድ አለበል ባርኔጣቸውን እያነሡ፤ «አስቸኳይ ስብሰባ። ቅዳሜ ቅዳሜም… ከእንግዲህ አይመቸኝም።»

እግራቸው ደጅ እንደወጣ ከነጋዴዎቹ አንዱ «ታዲያ ቡችላው ይሄ ነው?» አለ።

አባባ ጓድ አለበል የሸሹበትን በር አዩ።

«የቱ ቡችላ? ይኼ እኮ የቤቱ ጠባቂ ነው። ደጅ ይታሰራል።»

«አባባ» አለች ዘይነት፣ «መላእክቱስ?»

አባባ ሳቃቸውን በጢማቸው ሸፈኑ።

«በጓሮ በር ይገባሉ። አንቺ አፈሩን አምጪ፤ ሳህኑን የምታጥቢው አንቺ ነሽ።»