ጠፋ የተባለው ብልቃጥ

ቄስ ባምላክ የገነተ ማርያም ካህን ናቸው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ግን መቅደስ አልገቡም። ደም የሚፈሰው ካህን ሥጋ ወደሙን አያቀርብምና፣ አንጀታቸው መድማት ከጀመረ ወዲህ ቦታቸው ከቅጽሩ ግንብ ሥር ሆነ። ውስጥ ሌላው ሲቀድስ እሳቸው ውጭ ተቀምጠው በለሆሳስ ይከተላሉ፤ ሆዳቸው ሲቆርጣቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ቁልቁለቱ ይሮጣሉ።

መጀመሪያ አሜባ ነው ተባሉ፤ የአሜባ ክኒን ዋጡ። ጠበል ገቡ፣ ኮሶ ጠጡ። ከሕመሙ ይልቅ ሐሜቱ ከፋ። «ምን ቢበድሉ ነው ማርያም የገፋቻቸው?» ይባል ጀመር። ሚስታቸው አሰለች ይህንኑ ከምንጩ ዳር ሰምታ ባዶ ጀሪካን ይዛ የተመለሰችበት ቀን አለ።

በመጨረሻ ላሊበላ ወርደው ዶክተር ሂንድን አገኙ። ሂንድ የሐይቅ ልጅ ናት፤ ወደ ላሊበላ የመጣችው ለአንድ የመድኃኒት ጥናት ነው። አንጀታቸውን በቀጭን ካሜራ አየችና፣

«አባ፣ ይህ አሜባ አይደለም። እርግማንም አይደለም» አለቻቸው። «ሰውነትዎ የገዛ አንጀቱን እያቆሰለ ነው። ለዚህ የሚሆን አዲስ መድኃኒት እየሞከርን ነው። ግማሹ ሕመምተኛ እውነተኛውን ይወስዳል፣ ግማሹ ባዶ ክኒን። ማን የቱን እንደሚወስድ እኔም አላውቅም።»

ፈረሙ። ክኒኑ ከእራት በኋላ የሚዋጥ ስለሆነ ጾም አያስፈርስም። በሦስተኛው ወር ደሙ ቆመ። በአራተኛው መቅደስ ገቡ። አሰለች በሴቶቹ በኩል ቆማ፣ ባሏን ያሙትን አንድ በአንድ ዞር እያለች አየቻቸው።

እንዲህ ሆኖ አንድ ዓመት አለፈ። ታኅሣሥ ሃያ ሁለት ቀን ሂንድ አስጠራቻቸው። ገና ሳይቀመጡ «ጥናቱ ቆሟል፤ ከዛሬ ጀምሮ መድኃኒቱ አይሰጥም» አለች።

«ምነው፣ ይጎዳል እንዴ?»

«አይጎዳም። መድኃኒቱን የሚሠራውን ድርጅት ሌላ ድርጅት ገዛው። ገዢው የራሱ የአንጀት መድኃኒት አለው፤ ሁለተኛ አልፈልግም አለ።»

«የኔስ እውነተኛው ነበር?»

«ዛሬ ተፈቅዶልኝ አየሁ። እውነተኛው ነበር።»

«እንግዲያ ከገበያ እገዛዋለሁ።»

«ገበያ ሳይደርስ ነው የቀረው፣ አባ። በእጅዎ የተረፈውንም መመለስ አለብኝ።»

ቄስ ባምላክ ብልቃጡን ከቦርሳቸው አወጡ። ሠላሳ ክኒን ቀርቶታል። ከጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ እጃቸው ግን አልተነሣም።

«ለአስተርእዮ ማርያም ቀዳሹ እኔ ነበርሁ» አሉ።

ሂንድ ተነሥታ በሩን ዘጋች። ተመልሳ ስትቀመጥ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ብልቃጡ ከበቅሎ ላይ ወድቆ ገደል ገብቷል ብዬ ልጻፍ?» አለች።

ጻፈች፤ ፈረሙ። ብልቃጡ ወደ ቦርሳቸው ተመለሰ።

ጥር ሃያ አንድ ቀን፣ የመጨረሻዋ ክኒን ለማታ ቀርታ፣ ቀደሱ። ከቁርባን በፊት ካህኑ እጁን ታጥቦ ንጹሕ ያልሆነ እንዳይቀርብ ሕዝቡን ያስጠነቅቃል። ቄስ ባምላክ እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቆረጠ። ዲያቆኑ የታመሙ መስሎት ክንዳቸውን ያዘ። ሆዳቸው ደህና ነበር። ሕመሙ በጠናበት ዘመን ውጭ ተቀምጠው እንዲህ ያለ እፍረት ተሰምቷቸው አያውቅም።

መጋቢት ላይ ደሙ ተመለሰ።

በሰኔ መጨረሻ ሂንድ ራሷ ገነተ ማርያም ድረስ መጣች። አዲስ መዝገብ ይዛለች፤ ፊቷም ፈክቷል።

«ደሴ ላይ ሌላ ጥናት ተጀምሯል፣ አባ። ሌላ መድኃኒት ነው። ምዝገባው በዚህ ሳምንት ይዘጋል። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ያለፈውን መድኃኒት ካቆሙ ስድስት ወር ሊሞላ ይገባል። የመጨረሻ የዋጡት ታኅሣሥ ሃያ ሁለት፤ ሞልቷል ማለት ነው።»

«ጥር ሃያ አንድ ነው» አሉ ቄስ ባምላክ።

የሂንድ እስክሪብቶ ቆመ። «በወረቀቱ ታኅሣሥ ነው።»

«በወረቀቱ ነዋ። በአንጀቴ ጥር ነው።»

«አባ፣ የጎደለው ሦስት ሳምንት ነው! ውሸቱን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ኃጢአት ከሆነ በኔ ይሁን።»

«የፈረምሁ እኔ ነኝ፣ ልጄ። አንድ ጊዜ ዋሽቼ መቅደስ ገባሁ። እንዴት እንደገባሁ የማውቀው እኔ ነኝ። አልደግመውም።»

አሰለች ከጓዳ ወጣች። «አንቱ!» አለች። «ለሦስት ሳምንት! ይህን እኮ እግዜርም አይቆጥረው!»

«እኔ ቆጥሬዋለሁ።»

ሂንድ መዝገቧን ዘጋች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «ለአንድ ሰሞን ከምትሽሩ ስለ መድኃኒቱ ጭራሽ ባልነገርኳችሁ ይሻል ነበር» አለች፤ ለማን እንደሆነ አልታወቀም። መኪናዋ አቧራውን አስነሥታ ወረደች።

ቄስ ባምላክ እውነት በመናገራቸው ልባቸው ይቀልልኛል ብለው ነበር። አልቀለለም። የተሰማቸው ሞኝነት ነው። በማግስቱ በቅሎ ጭነው ሊከተሏት ሁለት ጊዜ ተነሡ፤ ሁለት ጊዜ ተቀመጡ።

ሐምሌ ሃያ አንድ ቀን አሰለች ምሳ አቀረበችና «ስድስት ወሩ ዛሬ ሞላ» አለች።

«አውቃለሁ» አሉ።

የደሴው ምዝገባ ከተዘጋ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ አሰለች እሳቸውን ያናገረችው ይህን አንድ ቃል ብቻ ነበር። እሷም አልበላች፣ እሳቸውም አልበሉ፤ ሽሮው በመካከላቸው ቀዘቀዘ።