ውሃው የኛ፣ ንባቡ የማን?

ላላ መብሩካ ወደ ዶክተር ኢንሳፍ ዘሪቢ ቢሮ የመጡት በፈተና ሰሞን ነው። ከቢር ሰልሚያ መንደር ድረስ በታክሲ ተጨናንቀው ስለመጡ የራስ መሸፈኛቸው አቧራ ጠጥቷል። የመንደሩ ትምህርት ቤት መምህርት ናቸው፤ “ላላ” የአክብሮት መጠሪያቸው ነው። ኢንሳፍ ተማሪዎቿን አስከትላ የመንደሩን የውሃ ጉድጓዶች ልትመረምር በሄደች ጊዜ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ደጅ ያስከፈቱላት፣ “ግድ የላችሁም፣ የኛው ልጅ ናት” እያሉ ባለጉድጓዶቹን ያግባቡላት እሳቸው ነበሩ።

ኢንሳፍ ከወንበሯ ዘላ ተነሥታ አቅፋ ሳመቻቸው። ሻይ አስመጣች። እሳቸው ግን ብርጭቆውን ገፋ አድርገው ስልካቸውን አወጡ።

“ጥናትሽ ታትሟል አሉ። እንኳን ደስ ያለሽ።”

“አምና ነው እኮ የወጣው! ያውም ትልቅ መጽሔት ላይ።”

“አየሁት። የመንደራችን ስም ርዕሱ ላይ አለ። ዝቅ ብለን ልናነብ ስንል ግን ‘ክፈሉ’ አለን።”

“የምን ክፈሉ?” ኢንሳፍ ሳቀች። “ቆይ፣ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ይከፍትልናል።”

ኮምፒውተሯ ላይ ፈለገችው። ስሟ ከላይ ጉልህ ብሎ ተጽፏል። ከስሟ ሥር ጥቂት የማጠቃለያ መስመሮች፣ ከነሱ ሥር የቁልፍ ሥዕል። ዩኒቨርሲቲው በጀቱ ተቆርጦበት ለመጽሔቶቹ መክፈል ካቆመ ሰንብቷል፤ እሷ ደግሞ የራሷን ጽሑፍ መልሳ ከፍታው ስለማታውቅ ልብ አላለችም። ደግማ ሞከረች። ገጹ ዋጋ ጠየቃት፤ ጸሐፊዋን ራሷን። ፊቷ በርበሬ መሰለ።

“ተዪው በቃ” አሉ ላላ መብሩካ። “የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ በአፍሽ ንገሪኝ። ውሃችን ምን ሆነ?”

ነገረቻቸው። በደቡብ በኩል ባሉት ጉድጓዶች ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ከመጠን በላይ እንደተገኘ፣ የልጆቹን ጥርስ የሚያጠቁረው እሱ እንደሆነ፣ ሲውል ሲያድርም አጥንት እንደሚያጎብጥ፤ የሰሜኖቹ ግን ደህና እንደሆኑ።

“የትምህርት ቤቱስ?”

“እሱ ከመጥፎዎቹ ነው።”

“መቼ ነው ያወቅሽው?”

“የታተመው አምና…”

“የታተመበትን መች ጠየቅሁሽ?”

“ሁለት ዓመት ይሆናል።”

“ሁለት ዓመት!” ሴትየዋ ብድግ አሉ። “ሁለት ዓመት ሙሉ እነዚያን ልጆች ‘ፀሐይ ነው፣ ጠጡ፣ ጠጡ’ እያልኩ በእጄ ስቀዳላቸው! አንቺ ለባሕር ማዶ ሰው ጽፈሽ ቁጭ!”

“ላላ፣ ሳይታተም ማንም አያምነንም እኮ። ሥርዓቱ እንደዚያ ነው። ከታተመ በኋላ ደግሞ የፈለገ ሰው ያነበዋል ብዬ…”

“ማን ነው የፈለገ ሰው? ውሃው የኛ፣ ጥርሱ የልጆቻችን፣ ንባቡ የማን ሆነና ነው?”

በሩን ክፍት ትተውት ሄዱ። በላይዋ ላይ ቢያላጉት ይሻላት ነበር።

ኢንሳፍ የዚያን ቀን ፈተና አላረመችም። የጽሑፉን ሙሉ ቃል ከኮምፒውተሯ አውጥታ ማንም እንዲያነበው የዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ ለጠፈችው። ሳምንት ሳይሞላው፣ ሁሉም በአክብሮት “ሲ” የሚሏቸው ዲኑ፣ ሲ ሞንሰፍ፣ አስጠሯት። ድሮ ያስተማሯት ሰው ናቸው፤ ሲቆጡም “ልጄ” ይሏታል።

“ልጄ፣ አሳታሚው ጽፎልናል። አንሡት፣ አለዚያ እንከሳችኋለን ነው የሚለው።”

“የራሴን ጥናት?”

“ፈርመሽ ሰጥተሽ የምን የራሴ ነው? መብቱ የነሱ ሆኗል።”

“ሲ ሞንሰፍ፣ ውሃውን የቀዳሁት እኔ፣ የመረመርኩት እኔ። ደሞዜን የሚከፍለው የዚህ አገር ሕዝብ ነው። ጽሑፉን የገመገሙት እንደኔው ያሉ መምህራን ናቸው፤ ያውም በነጻ። እነሱ ምን ጨመሩበት? ቁልፍ!”

“አትጩሂብኝ። ነገሩ እኔንም አይጥመኝም። ግን ዩኒቨርሲቲያችን ስም ያገኘው በነዚሁ መጽሔቶች ነው። የአንቺም የፕሮፌሰርነት ጉዳይ ዘንድሮ ይቀርባል። እስኪያልፍ አንሺው።”

“እስኪያልፍ ልጆቹ ምን ይጠጡ?”

ሲ ሞንሰፍ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ከዚያ ለኮምፒውተር ክፍሉ ደወሉ። ጽሑፉ በዚያው ዕለት ከገጹ ተነሣ።

ኢንሳፍ ንዴቷ አላስቀምጥ አላት። እሑድ መኪናዋን አስነሥታ ቢር ሰልሚያ ወረደች፤ ወላጆች ትምህርት ቤቱ ግቢ እንዲሰበሰቡላት አስቀድማ ለምና ነበር። ላላ መብሩካ ሰላም አላሏትም፤ ከኋላ ተቀመጡ። እሷም ከየጉድጓዱ የተገኘውን ቃል ሳትመርጥ በመንደሩ ቋንቋ፣ እናቷ ቤት እንደምታወራው አድርጋ ነገረቻቸው።

ሐጅ በልዒድ የሚባሉ የቴምር ገበሬ ተነሡ። “ይህን ስትነግሪን አይከሱሽም?”

“የወሰዱት ጽሑፌን ነው” አለች። “ውሃችሁን አልወሰዱም፣ አፌንም አልወሰዱም። ቀድሜ ልነግራችሁ ይገባኝ ነበር። አልነገርኳችሁም።”

ማንም “ግድ የለም” አላላትም። አንዲት እናት የልጇን አገጭ ቀና አድርጋ ጥርሱን እያየች አለቀሰች። ሐጅ በልዒድ ግን ከወንዶቹ ጋር ሄደው የትምህርት ቤቱን ጉድጓድ ክዳን በብየዳ አሸጉት፤ ከሰሜኑ ጉድጓድ በትራክተር ውሃ ለማመላለስም ተራ ተያዘ።

ሰው ሲበተን ላላ መብሩካ ቀረብ አሉ። “ኩስኩስ አለ፤ ነይ ብዪ። ከዚያ በመንገዱ በኩል ባለው የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ትጽፊልናለሽ፤ የትኛው ይጠጣል፣ የትኛው አይጠጣም። አላፊ አግዳሚው ያንብበው።”

የፕሮፌሰርነቱ ማዕረግ በዚያ ዓመት ለሌላ ሰው ተሰጠ። ኢንሳፍ የጉድጓዶቹን የምርመራ ቁጥሮች በሙሉ ከአዲስ ጽሑፍ ጋር፣ በዐረብኛ፣ ያለ ክፍያ ለሁሉም አወጣች፤ አሳታሚው የያዘው የቀድሞውን ጽሑፍ መብት ብቻ ነበርና በዚህ ላይ የሚለው አልነበረውም። ለዚያ መጽሔት ዳግመኛ በነጻ አልገመገመችም። ሲ ሞንሰፍ በኮሪደር ሲያገኟት አሁንም “ልጄ” ይሏታል፤ እሷም ሰላምታ ሰጥታ ታልፋለች፤ ቆማ ግን አታወራቸውም።

በዚያ በስብሰባው እሑድ ግን ከምሳ በኋላ ቀለምና ብሩሽ ይዛ ግድግዳው ሥር ቆመች። በፈረንጅ ቋንቋ እየጻፈች ዐረብኛ መጻፍ ከተወች ብዙ ጊዜዋ ነበርና ላላ መብሩካ ከኋላዋ ሆነው “እሱን ፊደል አስተካክዪው፣ ልጆች ያዩታል” እያሉ አረሟት። እሷም የተሳሳተውን እያጠፋች ደግማ ጻፈች።