ከፊት የተሰለፉት ተወካዮች

ፈተናው ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ በኔትወርክ ባለሙያዋ በምሥራቅ ስክሪን ላይ ስምንቱም ተወካዮች አንድ ዓይነት ቁጥር መለሱ። ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት። ስምንት አፍ ተጠይቆ አንድ ቃል ሲመልስ ወይ እውነት ነው፣ ወይ ተመካክረዋል። ምሥራቅ ሁሉ ነገር በምክክር በሚያልቅባት በዳንግላ ተወልዳ ያደገች ናትና መጀመሪያ የጠረጠረችው ሁለተኛውን ነው።

የተቀመጠችው ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው መንገድ በኩል ባለ ትምህርት ቤት፣ ከአዳራሹ ጋር ግድግዳ በሚጋራ የስፖርት ዕቃ ማከማቻ ውስጥ ነው። ላፕቶፗ ነፋሳቸው የወጣ ኳሶች የታጨቁበት ካርቶን ላይ ተቀምጧል። የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከግድግዳው ማዶ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በኮምፒውተር እየተፈተኑ ነው። ከዳንግላ አምጥታ አብራት የምታኖራት ታናሽ እህቷ ፋና ከመጨረሻው ረድፍ አለች።

የፈተናው ሕግ አጭር ነው። መልስ ኮምፒውተሩ ላይ አይቀመጥም፤ ተማሪው በመረጠ ቁጥር ወዲያው ወደ ማእከሉ ይሄዳል። አንድ ኮምፒውተር ለአሥር ደቂቃ ድምፁ ከጠፋ ይቆለፋል፤ የተቆለፈበት ልጅ ለከርሞ ይመጣል። አዳራሹ ባንድነት ከቆመ ደግሞ ፈተናው ለሁሉም ይሰረዛል። ይህን ለማስፈጸም ከሌላ ዞን የተላኩት ተቆጣጣሪ አቶ ሀብቱ፣ ከንፈራቸው ቀጭን፣ ጫማቸው ጭቃ ያልነካው ሰው ናቸው። በዚህ ዝናብ ጭቃ ያልነካው ጫማ ያስፈራል።

ኔትወርኩን የዘረጋችው ምሥራቅ ናት። አዳራሹ ጣሪያ ሥር የተሰቀለው ነጭ ሳጥን ብዙ አንቴናዎች አሉት። ሲተባበሩ እንደ ባትሪ ብርሃን ጨረራቸውን ሰብስበው ወደፈለጉት ጥግ ያነጣጥራሉ። ሳጥኑ ግን ዓይን የለውም፤ የት እንደሚያነጣጥር ለማወቅ እያንዳንዱን ኮምፒውተር «እንዴት ትሰማኛለህ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። በመጀመሪያው ሙከራ ሁሉንም ጠየቀ። ሁሉም ከየአንቴናው የሰሙትን አንድ በአንድ ዘረዘሩለት። ጊዜው በምላሽ አለቀና ፈተናው ራሱ ማለፊያ አጣ። የቀበሌ ስብሰባ ሆነ፤ ሁሉም አስተያየቱን ሰጠ፣ ሥራው ግን እዚያው ቀረ።

ስለዚህ ምሥራቅ ምላሹን አሳጠረች። ዝርዝሩ ይቅርና፣ አስቀድማ ቁጥር ከሰጠቻቸው አቅጣጫዎች የሚስማማውን ቁጥር ብቻ ይናገሩ። ጎን ለጎን የተቀመጡ የሚሰሙት ተቀራራቢ ነውና፣ ከየረድፉ አንዱ ስለ ሁሉም ይናገር፤ ሌላው ዝም። ተወካዮቹ እንዳይጠፏት ቀይ ፕላስተር ለጠፈችባቸው። ሁለተኛው ሙከራ ያለ አንዳች እንቅፋት አለፈ። ፈጣሪዋን አመስግና፣ በሩን ዘግታ፣ ትናንት ወደ ቤቷ ሄደች።

አሁን ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት። ሦስት ቁጥር ከመድረኩ ሥር ያለው ቦታ ነው።

ተነሥታ በአዳራሹ በር መስታወት አጮለቀች። ቀይ ፕላስተር የለጠፈችባቸው ስምንቱ ኮምፒውተሮች ከፊተኛው ረድፍ፣ እንደ ሚዜ ተሰልፈው ተደርድረዋል። ከኋላ ልጆች እጃቸውን ያወጣሉ፣ ያወርዳሉ፣ የጎረቤታቸውን ስክሪን አይተው ደግሞ ያወጣሉ። ፋና ሁለት እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ስክሪኑን ትኩር ብላ ታያለች።

ርእሰ መምህሩ አቶ አሳምነው መጡ። ዳንግላ ሳሉ ምሥራቅን አስተምረዋታል። ተቆጣጣሪው እንዳይሰሙ በአዊኛ አንሾካሾከች።

«ጋሼ፣ ቀይ ፕላስተር ያለባቸውን ማን አነሣቸው?»

«እኔ ነኛ። ትናንት አንቺ ስትሄጂ።»

«ለምን?»

«ተወካዮች ናቸው አላልሽኝም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ተወካይ ከኋላ ይቀመጣል? የት አገር አየሽ? ከየጥጉ በትነሻቸው፣ አንዱማ ከምሰሶ ጀርባ! እንግዳ ቢመጣ ምን ይለናል? ደግሞ አንድ ላይ ሲሆኑ ይመካከራሉ።»

«ኮምፒውተር እኮ ናቸው ጋሼ!»

«ቢሆኑስ?»

ምሥራቅ መስታወቱ ላይ ግንባሯን አስደገፈች። «ስምንቱም ‹እዚህ ከፊት ደህና ነው› እያሉ ነው። ሳጥኑ አምኗቸው ጨረሩን ሁሉ ወደዚያ አዙሮታል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ረድፍ ፍርፋሪ ይለቅማሉ። ከአራተኛው ጀምሮ ያለው ማንም የለው።»

«ልመልሳቸዋ!»

«ተፈታኝ ተቀምጦባቸዋል። ማን ያነሣዋል?»

አሳምነው በመስታወቱ የአቶ ሀብቱን ጫማ ተመለከቱ።

ያላት አንድ መንገድ ነበር። ጨረሩን መበተን። ሳጥኑ ማነጣጠሩን ትቶ ለሁሉም እኩል ቢጮህ ድምፁ ይሳሳል፤ ቢሆንም ከኋላ ይደርሳል። በዚያ መሀል ከየረድፉ አዲስ ተወካይ እየጠራች ትሾማለች። እስክትጨርስ ግን ከፊት ያሉትም ይቆማሉ።

«ከፊት ያሉት ደረጃ የሚወጡት እኮ ናቸው» አሉ አሳምነው። «እኔው ነኝ መርጬ ያስቀመጥኳቸው።»

«ከኋላ ያሉትስ?»

አሳምነው በመስታወቱ ወደ ኋላ ረድፎች አጮለቁ።

«ተቆጣጣሪው ሁሉም ቆሞ ካየው ደውሎ ያሰርዘዋል» አሉ።

«እንዳይደውል ያድርጉት።»

«ምን አድርጌ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ? ዳይሬክተሩ እርስዎ ነዎት!»

ወደ ማከማቻው ገብታ ጨረሩን በተነችው። አዳራሹ ውስጥ ተማሪዎች አጉረመረሙ፤ ወንበር ተንቋቋ። ለየረድፉ የቀረው ደቂቃ ስክሪኗ ላይ ተደረደረ። ከምሰሶው ጀርባ ያለው አምስተኛው ቀድሞ ስለጠፋ ሊቆለፍ ተቃርቧል። ስምንተኛው፣ የፋና ረድፍ፣ ከኋላው ግድግዳ ተመላሽ ድምፅ እያገኘ ዘግይቶ ነው የጠፋው፤ ሰፊ ጊዜ ይታያል።

ጣቷ ስምንት ላይ አረፈ። የሚያያት ሰው የለም። ቢያያትስ ማን ይገባዋል? ከኳሶቹ ካርቶን በቀር ምስክር የሌለበት ሥራ ነው። ጣቷን አነሣች። አምስትን ጠራች።

አቶ ሀብቱ ስልካቸውን ይዘው ከአዳራሹ ሲወጡ በተከፈተው በር ይሰማታል።

«አቶ አሳምነው፣ የፊቱም ቆመ። ልደውል ነው።»

«ይደውሉ፣ ይደውሉ። ለመሆኑ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አዳራሹ...»

«ብርዱ ጎዳዎት?»

«ደህና ነኝ።»

«ቤተሰብ ደህና? ልጆች? እናትዎ አሉ?»

«አሉ።»

«እሰይ! ዕድሜ ይስጥልን። ከብቱስ?»

«ከብት የለኝም አቶ አሳምነው፤ የከተማ ሰው ነኝ።»

«እህ!» አሉ አሳምነው ከልባቸው አዝነው። «ምን አግኝቷቸው ነው?»

አምስት ተመለሰ። ስድስትን ጠራች፤ አልሰማም፤ ደግማ ጠራች፤ ሰማ። አራት ወዲያው። ሰባት ሁለቴ ተጠርቶ እንደ ሰነፍ ተማሪ አቤት አለ። በረንዳው ላይ አቶ ሀብቱ ከብት ለምን እንደሌላቸው ያስረዳሉ። በዕድሜ የሚበልጣቸውን ሰው ጥያቄ አቋርጦ መደወል የሚሆንላቸው አልመሰለም።

ስምንት። ዝናቡ ጠነከረ። «ስምንት» ብላ በአፏም ተናገረችው። ምላሽ የለም። የመረጠችውን ኮምፒውተር ትታ በመስኮቱ በኩል ያለውን ሞከረች። አሥራ አራት ብሎ መለሰ። ከኋላ፣ በስተግራ። ተመስገን። ሳጥኑ እንደገና አነጣጠረ። ከግድግዳው ማዶ የኪቦርድ ድምፅ መንጣጣት ጀመረ። አቶ ሀብቱም አዳራሹን አይተው ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ።

ምሥራቅ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ሳትጨርስ የአዳራሹ በር ተከፈተ። ፋና ወጣች።

«ተቆለፈ» አለች።

«የማን?»

«የኔ ነዋ! የማን ይሆናል?»

ምሥራቅ ወደ ስክሪኑ ዞረች። ስምንተኛው ረድፍ ደህና ይላል። የሚታያት የረድፉ ሰዓት እንጂ የእያንዳንዱ ኮምፒውተር አይደለም፤ ምላሹን ስታሳጥር የቀነሰችው እሱንም ነው። ጥግ ላይ ያለችው የፋና ኮምፒውተር ከባልንጀሮቿ ቀድማ ጠፍታ ነበር፤ የሚናገርላት አልነበረም። ምሥራቅ ስምንትን ቀድማ ብትጠራ ኖሮ ትድን ነበር። ይህን ለፋና አልነገረቻትም።

አቶ ሀብቱ ተከትለዋት መጡ። «ለከርሞ ነው» አሉ፣ ክፋት ሳይኖርባቸው።

«ዝናቡ ነው» አሉ አሳምነው ፈጥነው። «የእንጅባራ ዝናብ መብረቅ አለው፣ በረዶ አለው...»

«ዝናብ አይፈርምም አቶ አሳምነው። ጥፋቱ የተማሪዋ አይደለም ብሎ የሚፈርም ካለ ማእከሉን እጠይቃለሁ። ከፈቀዱ በከሰዓት በኋላው ፈተና ትገባለች። የፈረመው ግን ይጠየቅበታል።»

«እኔ እፈርማለሁ» አለች ምሥራቅ።

«እህቷ አይደለሽ? ያንቺ አይቆጠርም።»

ፋና እያንዳንዳቸውን በየተራ አየቻቸው። አሳምነው ኮታቸውን ቆለፉ፣ ፈቱ። ጡረታቸው ሊደርስ አንድ ዓመት እንደቀራቸው ምሥራቅ ታውቃለች፤ የማያውቅ የለም፣ በየስብሰባው ይናገሩታል።

በመጨረሻ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «ኮምፒውተሮቹን ከቦታቸው ያነሣኋቸው እኔ ነኝ» አሉ። «ማንም አላዘዘኝም። የክብር ነገር መስሎኝ።»

አቶ ሀብቱ ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። «የምን ክብር?»

«ተወካይ ናቸው ስትለኝ ጊዜ ከፊት አስቀመጥኳቸው።»

ተቆጣጣሪው ሊስቁ ይሁን ሊቆጡ ሳይታወቅ ዘወር ብለው ደወሉ። ኔትወርክ አልያዘም። ዣንጥላ ይዘው እስከ ሰንደቅ ዓላማው ድረስ ሄደው ደወሉ። ሦስቱም ቆመው የዣንጥላውን ጀርባ ተመለከቱ። ዣንጥላው ዞረ፤ ተመለሰ።

«ተፈቅዷል። ከሰዓት በኋላ» አሉ፣ ያ ጭቃ ያልነካው ጫማ ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ ቡናማ ሆኖ። «አቶ አሳምነው፣ ቢሮ እንግባ። ይጽፋሉ።»

የጠዋቱ ፈተና አልቆ አዳራሹ ሲለቀቅ ምሥራቅ ቀይ ፕላስተር ያለባቸውን አንድ በአንድ እየተሸከመች ወደየረድፋቸው መለሰች። ፋና በሩ ላይ ቆማ ታያታለች፤ ላግዝሽ አላለችም።

«እህቴ» አለች። «ከሰዓት ከፊት አድርጊኝ። ለአንዴ። ምን አለበት?»

ምሥራቅ ስምንተኛው ረድፍ ጋ ጎንበስ ብላ ገመድ ትሰካለች። ከጥጉ ወንበር ላይ የፋና ቁጥር ተለጥፏል።

«ቦታሽ እዚህ ነው» አለቻት።

ፋና ከንፈሯን ነክሳ ወጣች። ምሥራቅ ገመዱን ሰክታ፣ ከጥቅሉ ሌላ ቀይ ፕላስተር ቆርጣ ለጥፋ፣ የጥጉን ኮምፒውተር ስምንተኛው ረድፍ ላይ ሁለተኛ ተወካይ አደረገችው። ምላሹ በአንድ ቁጥር ይረዝማል። ይርዘም አለች።