ከባሕር ያወጣነው ዳኛ

ኮፓካባናን፣ ይህን የባሕር ዳርቻችንን፣ ዓለም ሁሉ አውቀዋለሁ ይላል። አንዴ አሸዋው ላይ የተጋደመ ሁሉ፣ ሁለት ኮኮናት ጠጥቶ ጀርባው እንደ ሸርጣን ቀልቶ ሲመለስ፣ አገሩ ገብቶ ስለኛ ሰፈር ሊያስረዳ ይቀመጣል። እኔ ጃንዲራ፣ እዚሁ የዳርቻው ጫፍ ላይ፣ ስድስት ቁጥር በምንለው የነፍስ አድን ማማ አጠገብ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ዓሣ ሸጫለሁ። የሰፈሩ ሰው ባሕሩን የሚወደው ፎቅ ላይ ሆኖ ነው። እንዳያረጥበው፣ እንዳይሸተው። በአዲስ ዓመት ዋዜማ ነጭ ለብሶ ይወርድና የባሕር እናት ለሚሏት መንፈስ አበባ ይወረውራል፤ ያንን አበባ በስብሶ ከመረብ ውስጥ ስንለቅም የምንሰነብተው እኛ ነን።

ታላቅ ወንድሜ አዳውቶ አባታችን የተወለት ጀልባ አለው። አብሮት የሚወጣው ክሎዶአልዶ የሚባል፣ በቀን አሥር ቃል የማይናገር ሰው ነው። እነሱ ያመጣሉ፣ እኔ አሸዋው ላይ ባለች ጠረጴዛዬ እሸጣለሁ። ኑሯችን ይኸው ነው።

ከመንገዱ ማዶ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ዶና ሉክሬሲያ ትኖር ነበር። «የዳርቻው ወዳጆች» የሚባል ማኅበር ሊቀ መንበር ናት። ወዳጅነቷን እንግዲህ እዩት። አንድ ጠዋት ወረቀት ይዛ፣ መሐረብ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች።

«ጃንዲራዬ፣ ክፉ አይምሰልሽ፤ እኔ በግሌ ከናንተ ጋር ምንም የለኝም» አለች።

«እኔም ከርስዎ ጋር ምንም የለኝም። ዓሣ ይፈልጋሉ?»

«ሽታው ነው እኮ። መኝታ ቤቴ ድረስ ይገባል። እንግዳ ጠርቼ በረንዳ ላይ ማስቀመጥ አቃተኝ።»

«ባሕር ምን ምን ይሽተት? ጽጌረዳ ጽጌረዳ?»

«ይኸውልሽ፣ ሰፈሩ ደረጃ አለው። ለናንተም ቢሆን ራቅ ያለ፣ የሚስማማችሁ ቦታ ይፈለግላችኋል። ፊርማ እያሰባሰብን ነው።»

«አያቴ እዚህ መረብ ሲጥል የርስዎ ፎቅ ያለበት ቦታ አሸዋ ነበር።»

«እሱማ ታሪክ ነው» ብላኝ ሄደች። ያኑ ዕለት ለምሳ ሠራተኛዋን ላከች፦ ሁለት ትልልቅ፣ ዓይናቸው የሚያበራ ይሁን ብለዋል እመቤቴ። ዓይኗን በጨው ያጠበች ሴት ነበረች፤ ሸጥኩላት።

ባሏ ኦታሲሊዮ ይባላል፤ ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው። በየማለዳው ነጭ ካባ ደርቦ ይወርዳል፣ እንደሱ ካሉ ሽማግሌዎች ጋር ይዋኛል፣ ይወጣል፣ በጀልባዎቹ መካከል አልፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ስንተያይ አንድ ቀን ደህና አደራችሁ ብሎን አያውቅም። እኛም ጉዳያችን አልነበረም። የሰፈሩ ልማድ ነው፤ እዚህ ለውሻ እንጂ ለሰው ሰላምታ አይሰጥም። ውሻውን በስሙ ጠርቶ፣ የያዘውን ሰውዬ እንደ ገመድ የሚያየው ብዙ ነው።

በሰኔ፣ ታይኛ የምንለው ዓሣ በመንጋ በሚመጣበት በብርዱ ወቅት፣ ሁለት ቀን ማዕበል ሆኖ በሦስተኛው ጋብ አለ። መዋኘት የሚከለክለው ቀይ ባንዲራ ግን አልወረደም ነበር። ሌሎቹ ሽማግሌዎች አሸዋው ላይ ቆመው ሲያመነቱ፣ ዳኛው ካባውን አወለቀ።

«ክቡር ዳኛ፣ ዛሬ ይቅርብዎ፤ ውሃው ከሥር ይስባል» አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያነጋገርኩት ያን ቀን ነው።

ዘወር ብሎ እንኳ አላየኝም። «አርባ ዓመት ዋኝቼበታለሁ» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለጓደኞቹ፤ ገባም።

ሃያ ክንድ ያህል እንደሄደ ውሃው ወሰደው። መጀመሪያ እየዋኘ መሰለን፤ ቀጥሎ እጁ ብቻ ታየ። የነፍስ አድኖቹ ወደ አምስት ቁጥር ማማ ወርደው ሌሎች ሁለት ሰዎች እያወጡ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተጯጯሁ። እግረኛው መንገድ ላይ፣ ጥቁርና ነጭ ድንጋይ በተነጠፈበት ጫፍ ድረስ የወጡት ቱሪስቶች ስልካቸውን አንስተው ይቀርጹ ጀመር። እውነቴን ነው፣ አንዷ ሴትዮ ባሏን ትንሽ ወደ ግራ ስትገፋው ዓይኔ አይቷል፤ ከኋላው የሚሰምጠው ሰው በደንብ እንዲታይ።

ያኔ የአዳውቶ ጀልባ ዳርቻው ጫፍ ካለው ቋጥኝ ጀርባ ብቅ አለች። እኔ መጎናጸፊያዬን እያውለበለብኩ ጮህኩ። አዳውቶ መሪውን አዙሮ ቀጥታ ማዕበሉ ውስጥ ገባ። ጀልባዋ ሁለት ጊዜ በጎኗ ልትተኛ ደርሳ ተመለሰች። ክሎዶአልዶ በሆዱ ተኝቶ የሰውዬውን ብብት ያዘ፤ ጎትቶም ዓሣው ላይ ጣለው። አሸዋው ላይ ሲያወጡት ክቡር ዳኛው ዋና ልብሱን ባሕሩ ወስዶበት፣ እናቱ እንደወለደችው ሆኖ፣ ፊቱ ሰማያዊ፣ ጀርባው ላይ የዓሣ ቅርፊት ተለጥፎ ነበር። አዳውቶ የራሱን ካፖርት አውልቆ አለበሰው። ሰውዬው ጨው ውሃውን ሁሉ የዕለት ገበያዬ ላይ አስታወከ፤ ከዚያ የወንድሜን እጅ ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ዶና ሉክሬሲያ በሩጫ መጣች። አየችው፣ ተጠጋችው፣ ከዚያም መለስ ብላ መሐረቧን አወጣች።

«ምን ምን ነው የምትሸተው!» አለች። የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነበር። ክንዱን ይዛ መንገዱን አሻገረችው። እግዜር ይስጣችሁ የሚል ከአፏ አልወጣም።

በአራተኛው ቀን ዳኛው ራሱ ካፖርቱን አሳጥቦና አስተኩሶ፣ አንድ ጠርሙስ የሸንኮራ አረቄ ይዞ መጣ። አዳውቶ ጀልባው ጥላ ሥር መረብ እየጠገነ ነበር።

«ልቀመጥ?» አለ ዳኛው።

«አሸዋው የእግዜር ነው» አለው አዳውቶ።

ተቀመጠ። በማግስቱም መጣ፤ በሳልስቱም። መዋኘቱን ትቶ መረብ መጠገን መማር ጀመረ። መጀመሪያ ጣቱን በመርፌው እየወጋ አሳቀን። ቋጠሮውን ያሳየሁት እኔ ነኝ። ያ ለስላሳ እጁ በወሩ ሻከረ፤ እሱም እንደ ሜዳልያ ለሰው ሁሉ ያሳየው ጀመር። ከክሎዶአልዶ ጋር ሩዝና ባቄላውን ከአንድ ሳህን በላ። አዳውቶን «ወንድሜ» አለው። እኔንም አንድ ቀን፣ «ጃንዲራ፣ እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲያወራ ያዳመጥኩት ለመፍረድ ብቻ ነው፤ እዚህ ዝም ብዬ ማዳመጥ ለመድኩ» አለኝ። አንጀቴን በላው። ሞኝ ነኝ፤ የፎቅ ሰው መቼም ሲያወራ ያምርበታል።

ስለ ፊርማው ጠየቅኩት። ማኅበሩ ሦስት መቶ ሰው አስፈርሞ ጉዳዩ ለስብሰባ ተቀጥሮ ነበር።

«አትፍሩ» አለ፣ መርፌውን አስቀምጦ። «እኔ በሕይወት ያለሁት በማን ነው? እዚያው ተነሥቼ እናገራለሁ።»

«ባለቤትዎስ?»

«ሉክሬሲያን ለኔ ተዋት።»

አዳውቶ ቀና ብሎ አየውና ወደ መረቡ ተመለሰ።

ስብሰባው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ሆነ። ከከተማው አስተዳደር የመጣ፣ ላብ ያጠመቀው ሰው መሐል ተቀምጧል። ዶና ሉክሬሲያ ተነሥታ ስለ ሽታው፣ ስለ ዝንቡ፣ ስለ ድመቱ፣ ስለ ሰፈሩ ክብር ግማሽ ሰዓት ተናገረች። ድመቶቹን ራሷ በረንዳ ላይ እንደምታበላ አልተናገረችም። ቀጥሎ አዳውቶ ተነሣ። ወንድሜ ማዕበል ያውቃል እንጂ ንግግር አያውቅም። ቆቡን በእጁ እያሻሸ፣ «እዚያ ነው የተወለድነው፤ ሌላ ቦታ ባሕሩ አያውቀንም» ብሎ ተቀመጠ። ከኋላ አንገቷ ላይ ዕንቁ ያሰረች አንዲት ሴት ሳቀች።

«ሌላ የሚናገር አለ?» አለ ባለሥልጣኑ።

ሁላችንም ወደ ዳኛው ዞርን። ክሎዶአልዶ ሳይቀር አንገቱን አሰገገ። ዳኛው ቀስ ብሎ ተነሣ። ሚስቱ እጇን ሰድዳ የኮቱን ኮሌታ አስተካከለችለት። ያንን ሳይ ነገሩ እንዳለቀለት ገባኝ።

«ለነዚህ ታታሪ ሰዎች ያለኝ አክብሮት ልዩ ነው» አለ። ወደኛ አላየም። «ነገር ግን ጉዳዩን ስሜትን ወደ ጎን ትተን፣ በሕግ ሰው ዓይን ስናየው፣ ምናልባት ለነሱም የተሻለ፣ ይበልጥ የሚስማማ ቦታ…»

የሚስማማ ቦታ! የሚስቱ ቃል፣ ከሚስቱ አፍ እንደወጣ። ሳላስበው ቆሜ ተገኘሁ።

«ክቡር ዳኛ! ያን ቀን ራቁትዎን ከባሕር ስንጎትትዎ፣ ይበልጥ በሚስማማ ጀልባ አውጡኝ አላሉንም እኮ!»

አዳራሹ ፈነዳ። ባለ ዕንቋ እንኳ ሳቀች፤ ለነሱ ማን ቢዋረድ ያው ጨዋታ ነው። ዶና ሉክሬሲያ ባሏን ጎትታ አስቀመጠችው።

ያኔ በእኛ በኩል የነበሩት ተስፋ ቆረጡ። ያዳነንን ግን ስሙ። በር አጠገብ፣ ጫማው እንደ ዓሣ አፍ የሾለ አንድ ጎልማሳ ተነሣ። መንገዱ ጥግ ላይ ያለው የትልቁ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ነው።

«ይቅርታ» አለ። «እንግዶቻችን ቁርስ ላይ የሚጠይቁት ጀልባዎቹ መቼ እንደሚመለሱ ነው። የፖስታ ካርዳችን ላይም ያሉት እነሱ ናቸው። ጀልባዎቹ ከተነሡ ፎቶ የሚያነሡት ምኑን ነው?»

ባለሥልጣኑ ላቡን ጠረገ፤ ፊቱ በራ። ወዲያው ተወሰነ፦ ጀልባዎቹ ይቆያሉ፤ ነገር ግን ደማቅ ቀለም ይቀባሉ፣ የዓሣው ገበያም ከረፋድ በፊት ያልቃል። ሰባት ጀልባ ነበር ያኔ። አንዱን ቀይ፣ አንዱን ቢጫ፣ የአባታችንን ሮዝ አደረጉልን። ሦስት ትውልድ መረብ መጣሉ አልተቆጠረም፤ የዳነው ነፍስም አልተቆጠረም። የቱሪስት ቁርስ ግን ተቆጠረ። ዶና ሉክሬሲያም ከሁሉ ቀድማ አጨበጨበች። በሳምንቱ ባርኔጣ አድርጋ መጥታ ሮዟ ጀልባ ላይ ተደግፋ ፎቶ ተነሣች፤ ለማኅበሩ ካላንደር ነው አሉ። ሽታው ያን ቀን የት እንደሄደ አልጠየቅኳትም።

ከስብሰባው በኋላ ሰኞ ጠዋት ዳኛው መጣ። ይመጣል ብዬ አልገመትኩም ነበር። ከጠረጴዛዬ ፊት ቆመ።

«ጃንዲራ፣ አፍሬአለሁ።»

«ጥሩ ጀማሪ ነዎት፤ ይለምዱታል» አልኩት፣ ቅርፊቱን እየፋቅኩ።

ወደ አዳውቶ ሄደ። ወንድሜ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀለት፣ መርፌውንም አቀበለው። ደሜ ፈላ። ዳኛው እስኪሄድ ጠብቄ ጮህኩበት።

«አንተ ሰውዬ፣ ምንድን ነህ? የበላበትን ወጪት ሰባሪ አጠገብህ ታስቀምጣለህ?»

«የት ልወርውረው?» አለ አዳውቶ። «አንዴ አውጥቼዋለሁ። ተመልሼ ባሕር ልክተተው?»

«ቤቱ ይሂድ!»

«ቤቱን አይተሽዋል» አለኝ።

እኔ ግን ይቅርታ አላደረግኩለትም። ዳኛው ዓመት ያህል መጣ፣ ጠገነ፣ በላ። እኔ ከዚያ በኋላ ክቡር ዳኛ ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልሰጠሁትም፤ እሷንም ከአንገት በላይ። ሁለተኛውን፣ ለወፍራሙ መረብ የሚሆነውን ቋጠሮ እንዳስተምረው ሁለት ጊዜ ለምኖኛል፤ አላስተማርኩትም። አንዳንዴ ቋጠሮው ሲፈታበት አያለሁ፤ ዓይኔን ወደ ዓሣዬ እመልሳለሁ።

በኋላ ዶና ሉክሬሲያ ኮፓካባና ደረጃው ወረደ አለች። እግረኛው መንገድ ሞልቷል፣ ሽማግሌና ውሻ ብቻ ቀረ፣ ጨዋ ሰው ሁሉ ባራ ወደሚባለው አዲስ ሰፈር ሄዷል። እነሱም ሄዱ፤ ባሕሩ ወደራቀበት፣ አራት የጥበቃ በር ወዳለበት አዲስ ግቢ። ዕቃቸው የተጫነ ዕለት ጠዋት መኪናቸው ከጀልባዎቹ ፊት ለፊት ቀስ አለች። ዳኛው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እጁን አወጣ። ሚስቱ ወደ ፊት እያየች ነበር። እኔ ጀርባዬን ሰጠሁ።

ዘወር ስል አዳውቶ ቆሞ እጁን ያውለበልባል።

«ለማን ነው የምታውለበልበው?» አልኩት።

«የራሴ እጅ ነው» አለኝ፤ መኪናዋ ከሰፈሩ የሚያወጣው የመንገድ ዋሻ ውስጥ እስክትገባ ድረስም አላወረደውም።