ቧንቧው ሥር ያለው ስልክ

ወንድሟ አንድ ሰው ላይ እጁን ካነሳ አለቀለት። ዳኛዋ በገደብ ስትለቀው እቅጩን ነግራዋለች፤ ማንንም ቢመታ የቀረውን ፍርድ እስር ቤት ገብቶ ይጨርሳል። በያጅ ነው፤ ክንዱ የጠና፣ ቶሎ ግልፍ የሚለው። ምድር ቤት የሚኖረው ሥጋ ሻጭ ደግሞ ሰው መነካካት የማይሰለቸው ጉድ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የግቢው ቧንቧ ብቻ ነበር። ውሃዋ ደግሞ የምትመጣው ደስ ሲላት ነው።

እህትየዋ መላ የዘየደችው ለዚህ ነው። መሥሪያ ቤት ስትውል ለሰው ፕሮግራም ትጽፋለች፤ ቤቷ ስትገባ ለራሷ። ለእናቷ መድኃኒት የሚያስታውስ፣ የተሰጣ ልብስ ዝናብ ሳይደርስበት አንሺ የሚላት፣ እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር። አሁን ደግሞ አሮጌ ስልኳን በላስቲክ ጠቅልላ ቧንቧው ሥር አሰረች። ውሃ ከመምጣቷ በፊት ቧንቧው ያፏጫል፤ ስልኩ ፉጨቱን ሲሰማ ለወንድሟ «ውሃ መጣች» ብሎ ይልካል። ወንድሟ ሥጋ ሻጩ ሳይሰማ ወርዶ ይቀዳል፣ ይመለሳል። እናታቸው እፎይ አለች።

ጉድ የሠራት ደግነቷ ነው። አንዷ ጎረቤት «ለኛስ?» ስትላት አፈረችና ግቢውን በሙሉ መልእክቱ ውስጥ አስገባች፤ ሥጋ ሻጩም ሳይቀር። መሥሪያ ቤት መልእክት ለአንዱ ደርሶ ለሌላው ቢዘገይ የምትወቀሰው እሷ ናት። ስለዚህ ለሁሉም በአንድ ቅጽበት እንዲደርስ አድርጋ ሠራችው፣ ኮራችበትም። እኩል የሰማ ሰው ሁሉ እኩል እንደሚሮጥ ግን ጭራሽ ትዝ አላላትም።

እሑድ ከሰዓት የግቢው ስልክ ሁሉ እኩል ጮኸ፤ በሩ ሁሉ እኩል ተበረገደ። ጄሪካን ከጄሪካን ተላተመ። አንዲት ሴትዮ ደረጃው ላይ ወደቀችና እየረገጧት አለፉ። እህትየዋ የብረት ባልዲዋን ይዛ ስትወርድ ወንድሟ ቧንቧው ጋ ደርሷል። ሥጋ ሻጩ ማጅራቱን ይዞ ጎተተው።

«ዞር በል፣ አንተ ወንጀለኛ» አለና አፉን በቡጢ አለው።

ወንድሟ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደሙ አገጩ ላይ ይወርዳል።

«አልመታህም» አለ። «ቅዳና ሂድ።»

«ምነው፣ ያ ሁሉ ጉልበት የት ገባ?»

ሥጋ ሻጩ ደገመው። አፍንጫው ሲሰበር ተሰማ። ወንድሟ በጉልበቱ ወደቀ፤ እጁን ግን አልፈታም። ሰውዬው ሆዱንና ጎኑን በጫማው ይለው ጀመር። ግቢው ውሃውን ይቀዳል።

እህትየዋ ተው ብላ ለመነች፣ ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች፤ አሽቀንጥሮ ጣላት። የወንድሟን ጭንቅላት ሊረግጥ እግሩን ሲያነሳ አናቱን በባልዲው አለችው። ሲዞርባት ፊቱን ደገመችው። ከወደቀም በኋላ አላቆመችም። ደስ ብሏት ነበር፤ እውነቱ ይሄ ነው። ባልዲውን ከእጇ የነጠቃት ወንድሟ ነው።

ፖሊሶች ሲገቡ ሥጋ ሻጩ ውሃና ደም ውስጥ ተዘርሮ ያቃስታል፤ አንድ ዓይኑ ፈሷል። ባልዲው ወንድሟ እጅ ላይ ነው።

«ማነው የመታው?»

«እኔ ነኝ» አለ ወንድሟ።

«ውሸቱን ነው፤ እኔ ነኝ የመታሁት።»

«ዝም በይ» አላት ወንድሟ ቀስ ብሎ። «እማዬን ማን ይጠብቃታል?»

ፖሊሱ መነጽሯንና ቀጫጭን ክንዶቿን አየት አደረገ። «ይገባኛል እህቴ፣ ወንድም ነው» አለና ካቴናውን ለወንድሟ አጠለቀለት። ወደ ጎረቤቶቿ ዞረች። ሁሉም ጄሪካኑ ላይ እንዳቀረቀረ ነው።

«እኛ እየቀዳን ነበር» አለች ያችው «ለኛስ?» ያለቻት ጎረቤት።

ያኔ እህትየዋን ስልኩ ትዝ አላት። ሮጣ ላስቲኩን በጥርሷ ቀደደችው። ስልኩ ሁሉን ሰምቷል፤ «አልመታህም» ሲልም ሰምቶታል። ግን የሰው ወሬ ታዳምጣለች እንዳትባል፣ ከፉጨቱ በቀር የሰማውን ሁሉ እዚያው እንዲያጠፋ አድርጋ የጻፈችው ራሷ ናት። ወንድሟን በበሩ ሲያወጡት ስክሪኑ ላይ የቀረው «ውሃ መጣች» የሚለው ብቻ ነበር።