የሽርጡ ኪስ

ያ የሥራ ሽርጥ የመኖሪያ ቤቱን ደጃፍ አልፎ ገብቶ አያውቅም ነበር። ሕጉን ያወጣችው ራሷ፣ የምታስከብረውም ራሷ። ጠዋት ከአበባው ላስቲክ ቤት ሚስማር ላይ አንስታ ትታጠቀዋለች፤ ሥራ ስትጨርስ ኪሱን ጉድጓድ ውስጥ አራግፋ እዚያው ሚስማር ላይ ትሰቅለዋለች።

ሰዎች «ቆንጥር» ይሏታል፤ ከኋላዋ ነው እንጂ ፊት ለፊት የሚደፍር የለም። ሃያ ሁለት ዓመት አበባ አብቅላለች። ጽጌረዳም ዳህሊያም አሳድጋለች፤ ስሟ የሚነሳው ግን በሊሊ ነው። ሊሊ ቅንጡ ነው። ሽንኩርት የሚመስለው ሥሩ ጠልቆ ካልተቀበረ፣ ራሱን ፀሐይ እግሩን ጥላ ካላደረጉለት ያኮርፋል። እንቡጡ ሲከፈት መሃሉ ላይ ስድስት ክሮች ይቆማሉ፤ በየክሩ ጫፍ ቡናማ ፍሬ አለ። ፍሬው ከፈነዳ ብርቱካናማ ዱቄት ይረጫል፣ የሙሽራ ቀሚስ ላይ ካረፈም በሳሙና አይለቅም። ስለዚህ አትክልተኛ ሁሉ ፍሬዎቹን ሳይፈነዱ ማልዶ ይለቅማቸዋል። ሌላው ለቅሞ መሬት ላይ ይጥላል፤ ቆንጥር ኪሷ ትከታለች።

«መሬት የወደቀ በጫማ ይገባል» ትላለች፤ «በጫማ የገባ ምንጣፍ ላይ ይቀራል፤ ምንጣፍ ላይ ደግሞ ድመት ትተኛለች።» በዚህ ነገር ከስንቱ ባለሙያ ጋር ተጣልታለች። የሊሊ ዱቄት ድመትን ኩላሊቷን አድርቆ ይገድላታል፤ ቅጠሉም፣ የተቀመጠበት ውሃም እንዲሁ። ይህን ሻጩ አይናገርም፣ ገዢው አይጠይቅም። ሰው መርዝ ሲሸጥ ጠርሙሱ ላይ የራስ ቅል ይለጥፋል፤ ሊሊ ሲሸጥ ሪባን ያስርበታል። ቆንጥር ግን ድመት አለኝ ያላትን ደንበኛ ባዶ እጁን ትሸኘዋለች፤ ቢለምናትም ትሰድበዋለች።

እንዲህ ያደረገቻት የወንድሟ ድመት ናት። ወንድሟ ጡረታ የወጣ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከእህቱ ጓሮ ክፍል ገብቶ አሥራ አንድ ወር ከግቢው አልወጣም። ከሚስቱ የቀረችው ነጯ ድመት «ወይዘሪት» ናት። ጠዋት ደረቱ ላይ ወጥታ ካልጎሰመችው አይነሳም፤ እሷ ካልበላች አይበላም። «እኔን የምትቀሰቅሰኝ እሷ ናት፤ እሷ ባትኖር ለምን ብዬ?» ብሎ ነበር አንድ ቀን፣ እንደ ቀልድ። ቆንጥር ቀልዱን እስካሁን አልረሳችውም።

ያን ዕለት ረፋድ ላይ፣ ኪሷ እስከ አፉ ሞልቶ ሳለ፣ ከጓሮው ክፍል የሚከሰከስ ድምፅ ሰማች። ጋሼ ወደቀ ብላ እየሮጠች ገባች። የወደቀው የውሃ ማሰሮው ነበር። ስብርባሪውን ልትለቅም ጎንበስ ስትል ሽርጡ እግሯ ላይ ተጠመጠመባት፤ ፈታ ወንበር ላይ ወረወረችው። ወዲያው ደግሞ አበባ የሚጭነው ሹፌር በር ላይ ጥሩንባውን አንባረቀ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ለሰርግ የታዘዘውን ሊሊ በየባልዲው ስትጭን ሽርጡ ከሐሳቧ ወጣ።

የተመለሰችው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ወይዘሪት ሽርጡ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። ጎኗ ብርቱካናማ። አፍንጫዋ ብርቱካናማ። ነቃ ብላ እግሯን ዘረጋችና በዝግታ፣ ጣት በጣት፣ መላስ ጀመረች።

ቆንጥር ክው አለች። ጩኸቷን ዋጠችው። ወንድሟ በመጋረጃው ማዶ ጋዜጣ ሲገልጥ ይሰማታል። ድመቷን አፈፍ አድርጋ ኩሽና ገባች፣ በእርጥብ ጨርቅ ጎኗን፣ መዳፏን፣ አገጯን ጠረገች። አፏን ከፈት አድርጋ አየች። ምላሷ ተቀብቷል። ወይዘሪት ግን ደህና ናት፤ እንዲያውም በምቾት ታንኮራፋለች። የሚያስፈራውም ይኸው ነው። በዚህ ነገር የሚሞት ድመት መጀመሪያ ደህና ይመስላል።

«ሚጣ፣» አለ ወንድሟ ከማዶ፤ አምሳ አራት ዓመት ሞልቷትም ሚጣ ይላታል። «ወይዘሪትን የት ወሰድሻት?»

«ክትባት አለባት፣ ጋሼ። ደርሰን እንመጣለን።»

«ዛሬ? ካላንደሩ ላይ አልጻፍኩትም እኮ።»

«እኔ ጽፌዋለሁ።»

ድመቷን በፎጣ ጠቅልላ ወጣች።

ሹፌሩ ሞተር አስነስቶ ነበር። ቆንጥር የኋላውን በር ከፍታ ባልዲዎቹን አንድ በአንድ መሬት ላይ ማውረድ ጀመረች።

«እትዬ፣ ምን ነካዎት? ሙሽራዋ ስድስት ሰዓት ላይ ትጠብቃለች!»

«ትጠብቅ። ይቺ ከሊሊ ጋር አትሳፈርም።»

«ድመት? ከጣሪያ ወድቃ በእግሯ የምትቆም ፍጡር በአበባ ትሞታለች?»

«አንተ መንዳቱን እንጂ መመራመሩን ማን ሰጠህ? ንዳ።»

ሹፌሩ ነዳ። አርባ ባልዲ ሊሊ፣ ራሱም እግሩም ፀሐይ ላይ፣ በር ላይ ቀረ። መንገዱን ሁሉ ስትቆጥር ሄደች፤ ስንት ጊዜ ላሰች፣ ስንት ደቂቃ ሆነ።

የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ሊሊ የሚለውን ቃል እንደሰማች ፈገግታዋን አጠፋች።

«የት አገኘችው?»

«ከእኔ ኪስ።»

ሐኪሟ ቀና ብላ አየቻት፤ የጥፍሮቿንም ቀለም አየች። ጓንቷን አጥልቃ ድመቷን ተቀበለቻት። ይህን ጊዜ ቆንጥር ብትሰደብ ትመርጥ ነበር።

«ሦስት ቀን ግሉኮስ ላይ ትቆያለች» አለች ሐኪሟ ፀጉሩን ከድመቷ እግር ላይ እየላጨች። «የምንፈራው ሽንቷ እንዳይቆም ነው። ከቆመ ኩላሊቷ ሄደ ማለት ነው። ደሟን ሦስተኛው ቀን እናየዋለን። ሌላም ነገር አለ፤ እንዲህ መርፌ የተተከለባት ድመት ብቻዋን ከሆነች ትቃወማለች፣ መርፌውንም ትነቅለዋለች። የምታውቀው ሰው አጠገቧ ይቀመጥ።»

«እኔ አለሁ።»

ወይዘሪት ግን ቆንጥር እጇን ስትዘረጋ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ ቧጠጠቻት። ያ እጅ ምን እንደሚሸት ታውቃለች መሰለኝ። የምትፈልገው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከግቢ አይወጣም፣ ለማምጣትም እውነቱን መንገር ግድ ነው።

ቆንጥር ድመቷን ለሐኪሟ ትታ በዚያው መኪና ወደ ቤት ተመለሰች። ከነጋዴ፣ ከማዘጋጃ ቤት ሹም፣ ከጎረቤት ጋር ስትሟገት ቃል አጥሯት የማያውቅ ሴት፣ ለአንድ ሽማግሌ አራት ቃል ለመናገር ደጃፉ ላይ ላብ አጠመቃት።

«ጋሼ። ክትባት አልነበረም።»

ጋዜጣውን አጠፈ።

«ሽርጤን ወንበርህ ላይ ትቼው ሄድኩ። ተኛችበት።»

ወንበሩን አየ። ሽርጡ አሁንም እዚያው ነበር። ሊሊ ምን እንደሚያደርግ አሳምሮ ያውቃል፤ ዓመቱን ሙሉ ስትለፍፍ ሰምቷታል። ፊቱ አመድ ሆነ። ቆንጥር ስድቡን ጠበቀች፣ ዝምታውን ፈራች፤ ከሁሉ በላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንዳይተኛ ፈራች።

«ጫማዬ የት ነው?» አለ።

አሥራ አንድ ወር ሳይደረግ የከረመው ጫማ ደርቆ አልገባም አለ። ማሰሪያውን እሷ ተንበርክካ አሰረችለት። ሹፌሩ፣ እግዜር ይስጠው፣ ሞተሩን አላጠፋም ነበር።

ወንድሟ ሁለት ቀን ወይዘሪት አጠገብ ተቀመጠ። ቆንጥር ውጭ አግዳሚው ላይ ጥፍሯን በብሩሽ ትፈገፍጋለች፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ትነሳለች። በሁለተኛው ቀን ማታ ሐኪሟ ድመቷ የምትሸናበትን የአሸዋ ሳጥን አይታ «ደረቅ ነው» አለችና ሄደች። ያቺን ቃል ቆንጥር ሌሊቱን ሙሉ ተሸክማት አደረች። ወንድሜ ሚስቱ ስትሞት አንዴ ተቀብሯል፤ ከነጋ ሁለተኛ እቀብረዋለሁ አለች በሆዷ።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት ወንድሟ በሩን ከፍቶ ወጣ። ሱሪው ከጭኑ እስከ ጉልበቱ ርሷል። ፊቱ ላይ ምን እንዳለ ለማንበብ አልደፈረችም።

«ሸናችብኝ» አለ። «ብቸኛው ደህና ሱሪዬ ላይ።»

ሐኪሟ ከኋላው ወረቀት ይዛ መጣች። ደሟ መጥፎ አይደለም፤ ጥሩ ነው ለማለት ግን ሳምንት ይጠበቃል፣ አለች። ቆንጥር የሰማችው «ይጠበቃል» የሚለውን ብቻ ነው። ወንድሟ ግን ጎኗ ተቀመጠና እርጥቡን ሱሪ በጣቱ ቆንጥጦ ከቆዳው አላቀቀ።

«እቤት ስንገባ መርፌና ክር ስጪኝ» አላት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የሽርጡን ኪስ ደርቦ፣ በጠንካራ ክር፣ በአሮጌው እጁ ሰፍቶ ዘጋው። ቆንጥር አጠገቡ ቆማ እያየች ጥፍሯን ታሸታለች። ፍሬውን ከዚያ ወዲህ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ነው የምትለቅመው። ዛሬም ቢሆን ግን ድመቷ በተኛችበት ክፍል ስታልፍ ቆም ብላ፣ እጇን ወደ ኋላዋ ደብቃ፣ ነጩ ጎኗ ከፍ ዝቅ ማለቱን ሳታይ አታልፍም።