ላባቸው የሚቆጠር ሳቢሳዎች

ባሌ ካሕሱ በወልድያ የታወቀ ፎቶ አንሺ ነው ይባላል። ይባል። እሱ ያነሳል፣ እኔ ጨለማ ክፍል ገብቼ አጥባለሁ፤ ምስጋናው ለሱ፣ ስድቡ ለኔ። ስምንት ዓመት እንዲህ ኖርን።

በስድሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት አዲስ አበባ ላይ ሆቴል የሚያሠሩ አቶ ሀብቴ የሚባሉ ሰው ወደ መቀሌ ሲያልፉ ሱቃችን ገቡ። ለግድግዳ የሚሆን ስድስት ትልልቅ የውሃ ወፍ ፎቶ ፈለጉ።

«ላባቸው የሚቆጠር ይሁን» አሉ። «ስመለስ አያለሁ። ካላማረኝ ይርጋ ጋ እሄዳለሁ።»

ይርጋ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፎቶ ቤት ባለቤት ነው። ካሕሱ ስሙን ከሰማ ምግብ አይወርድለትም። ያን ቀን ማለ፤ ይህ ሥራ ከከሸፈ ካሜራውን ሸጦ ኮቦ እናቱ ቤት ሊገባ። እኔን ይዞ ማለት ነው። አማቴ ደግሞ «ጨለማ ውስጥ ተዘግታ የምትውል ምን ዓይነት ሚስት ናት?» የምትል ሴት ናት። እዚያ ከገባሁ ፊልም በእጄ አልነካም። በዚህ ዓለም የምወደው ያንን ብቻ ነው፤ ባዶ ወረቀት መድኃኒቱ ውስጥ ተነክሮ ቀስ እያለ ፊት ሲያወጣ ማየት።

ካሕሱ መርሳ አጠገብ ግራና ወርዶ ሳቢሳ የምትባለውን ነጭ የውሃ ወፍ ሁለት ጊዜ አነሳ። ሁለቱንም ጊዜ ሳጥበው የወጣው ነጭ እራፊ ነው። እግርና መንቁር አለ፣ መሃሉ ባዶ፣ ጠርዙ ደብዛዛ።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ወልድያ ፎቶ የሚነሳ ሰው ሁሉ «አጠቆርከኝ!» ብሎ ይጣላል። ስለዚህ ካሕሱ ፊት እንዲቀላለት የካሜራውን የፍጥነት ቀለበት ቀርፋፋው ቁጥር፣ ሠላሳ ላይ አድርጎ ብርሃን ያበዛል። ጋቢውና ነጠላው ነጥቶ ቢጠፋ ማን ጉዳዬ ይላል? ሳቢሳ ግን ከላይ እስከ ታች ጋቢ ናት፤ የሚቀላ ፊት የላትም። በዚያ ላይ ቁልፉን ከመጫኑ በፊት እጁን ወደ ላይ አንስቶ «እንዳትነቃነቁ!» ማለት ልማዱ ነው። ወፎቹንም እንዲህ ይላቸው ነበር አሉ።

«ፍጥነቱን ጨምረው» አልኩት። «ብርሃኑም ይቀንሳል፣ ወፏም ሳትደበዝዝ ትያዛለች።»

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ!» ብሎ ደንበኛ ፊት ጮኸብኝ። «ያቃጠልሽው አንቺ ነሽ! መድኃኒቱን አብዝተሽ ነው!»

በሦስተኛው ጉዞ «ዕቃ ልሸከምልህ» አልኩት። ይህቺን ወደዳት።

መርሳ አድረን ማለዳ ግራና ደረስን። እዚያ የመስኖ ውሃ በተራ ነው፤ ተራውን የሚያስጠብቁት የውሃ አባት ሼህ አብዱልሐሊም ናቸው። ውሃ ደረቅ ማሳ ላይ ሲለቀቅ ትሉ ይወጣል፣ ሳቢሳውም ትሉን ሊለቅም ይወርዳል። ካሕሱ ማንንም ሳይጠይቅ የቦዩ ጠርዝ ላይ ቆሞ በጫማው ናደው። ውሃው ወደ ሌላ ማሳ መፍሰስ ጀመረ።

«አንተ ሰውዬ!» ሼሁ ዱላቸውን ይዘው መጡ። «የማንን ውሃ ነው የምትደፋው? ዛሬ የአለሚቱ ተራ ነው፤ ባል እንኳ የሌላት ሴት!»

«ለዚች ጭቃ ነው የሚጮሁብኝ?»

«ወላሂ፣ የናድከውን ሳትደፍን ከዚህ ንቅንቅ አትልም!»

ካሕሱ ካሜራውን እኔ ላይ ወርውሮ ጭቃ በእጁ ሊዝቅ ጎንበስ አለ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ጀርባውን ሲሰጠኝ ቀለበቱን ከሠላሳ ወደ ፈጣኑ ቁጥር፣ ሁለት መቶ ሃምሳ አዞርኩት። እንደማያየው አውቃለሁ። ስምንት ዓመት ያልነካውን ዛሬ ምን ብሎ ያየዋል?

ደፍኖ ሲጨርስ ሼሁ «በል ቁጭ በል፣ አፍህንም ዝጋ» አሉት። ውሃው ማሳውን አዳረሰ፤ ሳቢሳዎቹ ወረዱ። ካሕሱ እንደ ልማዱ እጁን ሊያነሳ ሲል ሼሁ ዱላቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ። በጥርሱ እያጉረመረመ ፊልሙን ጨረሰ።

ወልድያ ገብቼ ሳጥበው እንባዬ መጣ። የአንዷ ክንፍ ተዘርግቶ ላባው አንድ በአንድ ይለያል፤ ከሌላዋ መንቁር የውሃ ጠብታ ሊወድቅ ተንጠልጥሏል።

«አየሽ?» አለ ካሕሱ። «ተጠንቅቀሽ ስታጥቢ!»

አቶ ሀብቴ ተመልሰው ስድስቱን ፎቶ እያገላበጡ አደነቁ።

«የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች ሚስቴ አቃጥላብኝ ነበር» አለ ካሕሱ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ። «ካሁን ወዲያ ጨለማ ክፍሉን አልሰጣትም። ከደሴ አንድ ወንድ አስመጣለሁ።»

ወደ ሰውየው ዞርኩ።

«አቶ ሀብቴ፣ በስንት ፍጥነት እንዳነሳው ይጠይቁልኝ።»

«በሠላሳ ነዋ!» አለ ካሕሱ። «እኔ ሁልጊዜ በሠላሳ ነው የማነሳው።»

ሰውየው ካሜራ ያውቁ ኖሯል። ፎቶውን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ሳቅ አሉ። «በሠላሳማ ይቺ ክንፍ ጭስ ትሆን ነበር።»

«ቀለበቱን ያዞርኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ካሕሱ ፎቶዎቹን ከእጃቸው መንጭቆ ቀደዳቸው። ስድስቱንም። «አይሸጥም! ካሜራውንም ሸጬ ነገ ኮቦ እንገባለን!»

ጅብ ከሚበላህ ጅብ በልተህ ተቀደስ ነው። ጨለማ ክፍል ገብቼ ፎቶዎቹ የታጠቡበትን ነጌቲቭ አነሳሁና በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ መንገዱን ተሻገርኩ። አቶ ሀብቴ ተከተሉኝ።

ይርጋ ነጌቲቩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ ብዙ አየው።

«ማን አነሳው?» አለኝ።

ቁልፉን የተጫነው ካሕሱ ነው፤ ይህን አልክድም። ማዶ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «ጨለማ ክፍልህ የት ነው?»